ያልተገራ ጫማ

የምልምሎቹ ሰልፍ የቆዳ ሠሪዎችን መንገድ ጨርሶ ወደ ድልድዩ ሲታጠፍ፣ ከጎን ከጎኑ እየተጣደፈች ትከተል የነበረችው ሴትዮ ድንገት ቆመች። ሌሎቹ እናቶች አልፈዋት ሄዱ። አንዷ በክርኗ ገጨቻት፤ ሌላዋ ምን ነካሽ፣ ጡሩንባው እኮ እየራቀ ነው አለቻት። የእሷ ጆሮ ግን እዚያ አልነበረም። የሁሉም ጀርባ አንድ ዓይነት ሆኖ በሚታይበት አቧራ ውስጥ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ቀደም ብሎ በሚሄድ አንድ ጀርባ ላይ ዓይኗ ተተክሎ ቀርቷል። ያ ልጅ ቀኝ እግሩን ሲያሳርፍ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ግራውን ሲያነሳ ደግሞ ደረጃ እንደሚፈራ ሰው ዳሌውን ቀልበስ ያደርጋል። ይህን አረማመድ ከሺህ ሰው መካከል ትለየዋለች። ልጁ የእሷ ልጅ ነው፤ አረማመዱ ግን የእሱ አልነበረም። የራሷ ነበር።

በከተማው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ገሪዋ ነው የሚሏት። ፈረስ የሚገሩ ሰዎች እንዳሉ ሁሉ እሷ ጫማ ትገራለች። ያን ጊዜ የመኮንን ቦት ጫማ ከወፍራም ቆዳ ይሰፋ ስለነበር ከስፌት ቤት ሲወጣ ጣውላ ነው፤ እግር ገብቶ ካላንገላታው አይታጠፍም። መኮንኖቹ ደግሞ በአደባባይ ሲያነክሱ መታየት አይወዱም። ስለዚህ ጫማው ከሰፊው እጅ ወደ ገሪዋ እግር ይሄዳል። ቆዳውን በለብ ያለ ውሃ ታርሰዋለች፣ በሞራ ታሸዋለች፣ የራሷን እግር በባለቤቱ እግር ልክ በጨርቅ ጠቅልላ ታስገባና በድንጋይ ንጣፉ መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ጫማው እጁን እስኪሰጥ። እግሯ ለሴት ትልቅ ነው። በልጅነቷ እግሯን እያዩ የሳቁባት ሁሉ መተዳደሪያዋ መሆኑን ሲያዩ አፋቸውን ይዘዋል።

ሰፈሩ በዚህ ነገር ይቀልድ ነበር። ከላይ የቤት ቀሚስ፣ ከታች የሻለቃ ጫማ አድርጋ ብቅ ስትል፣ ዳቦ ጋጋሪው ከሱቁ ወጥቶ ተረከዙን ያጋጭና ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣታል። ዛሬ ምን ማዕረግ ላይ ነሽ ይላታል። ሻምበል ነኝ፣ ከመንገዴ ዞር በል ትለዋለች። አንድ ጊዜ የኮሎኔል ጫማ ስትገራ የውሃ ወረፋ ላይ ደርሳ፣ ለኮሎኔሉ ልቀቁላቸው ብለው አስቀድመዋታል። ቀልዱን እሷም ትወደው ነበር። ስለ ሠራዊት የምታውቀው ከዚያ አያልፍም። ሠራዊት ማለት ለእሷ የቆዳ ጉዳይ ነበር፤ ልጇ እስኪመዘገብ ድረስ።

የድንበሩ ወሬ ከጋዜጣ ወርዶ በሰው አፍ መዞር በጀመረበት በዚያ ዓመት፣ ለመሐንዲስ ጓድ ምልምሎች ይፈለጋሉ የሚል ማስታወቂያ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ልጇ ከአጎቱ ጋር ሶል ይሰፋ ነበር፤ ስፌቱ ጥሩ፣ ልቡ ግን ከስፌት ቤቱ ውጭ። የሙጫ ሽታ ያመዋል። ከተቆረጠ ቆዳ በተረፈው ቁራጭ ጀርባ ላይ ድልድይ ይስላል፤ አንዱን ድልድይ ደግሞ፣ ቁራጩ ገበር ሆኖ ስለተሰፋ፣ አንድ ሻምበል ሳያውቅ ጫማው ውስጥ ረግጦት ኖሯል። ልጁ ተመዝግቦ ከመጣ በኋላ ነው የነገራት። ገሪዋ ያን ዕለትና በማግስቱ አላናገረችውም። ሳህኑን ታቀርባለች፣ ታነሳለች፣ አንገትህን ሸፍን እንኳ አላለችውም፤ ከዚያ በፊት ግን ሳትለው የወጣበት ጠዋት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን፣ ጫማ ይሰጧችኋል ወይ ብላ ጠየቀችው። ይሰጡናል፣ ቤታችን አለማምደን እንድንመጣ ነው አላት።

«አምጣው» አለች።

ራሴ አደርገዋለሁ ቢላት ማን ሰምቶት። የሌላውን ሰው ጫማ ስትገራ የኖረች ሴት የገዛ ልጇን እግር ለጣውላ አትሰጥም። እናቶች ሁሉ ያን ሰሞን የሚችሉትን ያህል ይራወጡ ነበር፤ አንዷ ሹራብ ትሠራለች፣ አንዷ ታለቅሳለች። እሷ ተራመደች። ጠዋት ወንዝ ዳር፣ ከሰዓት ሽቅብ ወደ መቃብሩ፣ ማታ በቤቷ ወለል ላይ ከግድግዳ ግድግዳ። የልጇን ጫማ ያህል የተጠነቀቀችለት ጫማ አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪው ማዕረግሽ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃት ያን ጊዜ ብቻ አልመለሰችለትም።

ያላሰበችው አንድ ነገር ነበር። ባለፈው ክረምት ከስፌት ቤቱ ደረጃ ላይ ተንሸራታ በግራ ዳሌዋ ወድቃለች። ዳነልኝ ብላ ነበር፤ ለሰውም እንደዚያ ነው የነገረችው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሻምበል ጫማውን መልሶ፣ ወደ ቀኝ ይስበኛል ብሎ ሲያማርር፣ የሚስበው መጠጡ ነው እንጂ ጫማው አይደለም ብላ ሳቀችበት። ሌሎቹም ሳቁ። ጉዳዩ በዚያው ተረሳ።

ልጁ የሚሄድ ዕለት ጠዋት ጫማውን አጥልቆ በክፍሉ ውስጥ ጥቂት እርምጃ ሄደ። እንዴት ነው አለችው። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ ልክ ነው አላት።

*

ገሪዋ ሰልፉን ትታ ወደ ስፌት ቤቱ ተመለሰች። ጫማ ሰፊው የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ስንብት ስለማይችል፣ ሥራ አለብኝ በሚል ሰበብ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሶል ላይ ምስማር ሲመታ ቆይቷል፤ ሶሉ ከዚያ ሁሉ ምስማር ግማሹን እንኳ አይፈልግም ነበር። ያየችውን ነገረችው። መዶሻውን አስቀመጠና፣ እስቲ እስከ በሩ ሄደሽ ተመለሽ አላት። አልሄድም አለች። ቆይታ ሄደች። ተመለሰች። ጫማ ሰፊው መነጽሩን አውልቆ በሽርጡ ጠረገ።

ከሻምበሉ ጫማ ወዲህ ሁሉንም ያውቅ እንደነበር ያን ጊዜ ነገራት። እሷ ገርታ የምታመጣለትን እያንዳንዱን ጥንድ፣ ከሄደች በኋላ በእግር አምሳል የተጠረበ የእንጨት ቅርጽ ላይ መልሶ እየወጠረ ሲያቃና ኖሯል። የእሷ ጥበብ ልስላሴው ላይ እንደ ድሮው ነውና ያንን አልነካም፤ ያዘነበለውን ብቻ ነበር የሚመልሰው። የልጁ ጫማ ግን ከወታደሩ መጋዘን በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደ፤ ከቤቷም ወደ ልጁ እግር። በሱ እጅ አላለፈም።

«ለምን አልነገርከኝም፣ ጋሼ?»

«ምን ብዬ?» አለ። «ነግሬሽ ቤት ልትውዪ ነው?»

ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ያው የጣላት ደረጃ ነው። ጫማ ሰፊው ለመጋዘኑ ጫማ ስለሚያቀርብ የሠራዊቱን ሥርዓት ያውቃል። ምልምሎቹ እስከ ማሠልጠኛው ድረስ በእግራቸው ነው የሚሄዱት፤ የመጀመሪያው ማረፊያ የጡብ ፋብሪካው ነው። እዚያ ጫማ ይወልቅና እግር ይታያል። የሚያነክስ ሰው ስሙ ይሰረዝና ዳቦ ባመጣው ጋሪ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ድጋሚ መመዝገብ የለም። ሁሉን ድምፁን ሳይለውጥ ነገራት፤ ስለ ሙጫ እንደሚያወራ ሆኖ። ከዚያ መዶሻውን አንስቶ፣

«ዝም ብትዪ እኮ ማታ ቤቱ ነው» አላት።

ልጁ ያፍራል። የሰፈሩ ልጆች ይስቁበታል። ያንን ጫማ ሰፊው አስቦታል፤ እሷም አስባዋለች። ያፈረ ልጅ ይበላል፣ ይተኛል፣ እግሩ ይድናል። ጫማ ሰፊው ተነሣና ለመጋዘኑ ከተዘጋጁት መካከል በልጁ ቁጥር የተሰፋ አንድ አዲስ ጥንድ ከመደርደሪያው አወረደ። ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ምስማሩ ተመለሰ፤ ብትወስጂም ብትተዪም አላየሁም ማለቱ ነበር።

ገሪዋ ሳታስብ አነሳችው። እጇ ጫማ ካየ ያነሳል።

*

የሠራዊቱን ዳቦ ወደ ማረፊያው የሚያመላልሰው ባለጋሪ ሽማግሌ ነው፤ ኮፍያው ከአንድ የድሮ ዘመቻ የተረፈ፣ ወሬው የማያልቅ። ከድልድዩ ማዶ ሲያገኛት በቅሎዋን አቆመ።

«ዛሬ ምን ማዕረግ ላይ ነሽ?»

እግሯን አየች። በጥድፊያ ከቤት የወጣችበት ነጠላ ጫማ ነው፤ የአንዱ ማሰሪያ በሩጫው ተበጥሷል።

«ዛሬ ተራ ሰው ነኝ» አለችው። «እስከ ጡብ ፋብሪካው አድርሰኝ።»

በብብቷ ያቀፈችውን ጥንድ አየና ምንም ሳይጠይቅ ቦታ ሰጣት። ምልምሎቹ በላይኛው መንገድ፣ እየቆሙና ሰልፍ እየተማሩ ስለሚሄዱ፣ ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው ጋሪ ብዙም አይቆይባቸውም። ዳቦው ገና ትኩስ ነው፤ ጀርባዋን አሞቃት። የተጣለበት ሸማ ዳቦውን በደንብ አልሸፈነውምና አቧራ እንዳይገባበት ጫፉን ሳብ አደረገችው። ከዚያም ዝናብ ቢመጣስ ብላ ሰማዩን አየች። እርጥብ እግር ሳል ያመጣል፤ ሳል ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ማንም ያውቃል። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል ነገር አልነበረም።

ባለጋሪው ሥራውን እያማረረ ነበር። ክብደቱ ሲሄድም ሲመለስም አንድ ነው አላት፤ የሚለየው ጭነቱ ነው።

«ስሄድ ዳቦ ነው የምጭነው» አለ። «ስመለስ የእናቶችን ጸሎት።»

ከዚያ ስለ መለሳቸው ልጆች አወራ። አንዱ ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ ነው ተብሎ የተመለሰ ነበር። እናቱ ደስታዋን የምታደርግበት አጥታ ባለጋሪውን ራሱን ስማዋለች። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀን ቀን ከቤት አልወጣም፤ በመጨረሻ አንድ ቀን ወጣና የት እንደገባ አልታወቀም። ሌላው በሳንባው የተመለሰ ነው። አሁን ፖስታ ቤት ማኅተም ይመታል፤ ወፍሯል፣ አግብቷል፣ ልጆቹ መንገዱን ሞልተውታል። ባለጋሪውን ሲያይ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ይሻገራል።

«ያን ቀን አብረውት ከወጡት ስንቱ አለ ብለሽ ጠይቂኝ» አላት።

አልጠየቀችውም። እሱም ወደ በቅሎዋ ዞሮ፣ ነይ እመቤት፣ ነይ እያለ ያባብላት ጀመር።

ገሪዋ ወፍራሙን የፖስታ ቤት ሰው ወደደችው። በመንገዱ ሁሉ ልጇን እንደሱ ስታወፍረው ሄደች። ኮት ገዛችለት፣ ቁመቷ ደህና የሆነች ሚስት አጋባችው፣ ልጆቹን አንድ በአንድ እያቀፈች አንገታቸውን ሸፈነች። መንገድ ሲሻገር ብቻ ፊቱን ልታየው አልቻለችም።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ በቅሎዋ ውሃ እንድትጠጣ ቆሙ። ጠጥታ ስትጨርስ ገሪዋ በቅሎዋ ደክማለችና ትንሽ ትረፍ አለች። ባለጋሪው አንዴ በቅሎዋን፣ አንዴ ገሪዋን አየና ጥላው ሥር ተቀመጠ። ጋሪው ከእግር ፍተሻው በኋላ ቢደርስም የሚመለሱትን ለመጫን አይረፍድበትም፤ ጫማው ግን ይረፍድበታል። እሷም ይህን አውቃ ነው የተቀመጠችው።

ከወፍጮው በታች ባለ ድንጋይ ላይ ሆና አዲሱን ጥንድ ጭኗ ላይ አደረገችው። በአውራ ጣቷ ተረከዙን ተጫነችው። አልበገር አለ፤ እንጨት ነው። የልጇ ተረከዝ ይሄኔ ተልጦ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ቁስል ላይ ሲገባ ምን እንደሚያደርገው እሷ ካላወቀች ማን ያውቃል። መንገድ ላይ ትንሽ ብታለዝበውስ? እስከ ጡብ ፋብሪካው ቢሆን፣ ሌላው ቢቀር ተረከዙን ብቻ። ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። ሞራው ሁልጊዜም ከሽርጧ ኪስ አይጠፋም። ቀኝ እግሯን አሾልካ ከተተችው፤ እግሯ መንገዱን ያውቃል፤ ቆዳው ጮኸባትና ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ውጭ ሸሸላት።

እዚያ ላይ ቆመች። ግማሽ እግሯ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ።

ቆዳ መጀመሪያ የገባበትን እግር እንደማይረሳ፣ ለስንት መኮንን አሽከር ስታስረዳ ኖራለች። ከጌታህ ወይም ከእኔ በቀር ማንም እግሩን እንዳያስገባበት ትላቸው ነበር። ሳብ አድርጋ አወጣችው። የጫማውን ውስጥ በእጅጌዋ ጠረገችው፤ ሌባ የገባበትን ቤት እንደሚጠርጉት።

ባለጋሪው ከጥላው ሥር ሆኖ፣ «በቅሎዋ አርፋለች» አላት። «አንቺም ከጨረስሽ እንሂድ።»

*

ምልምሎቹ በጡብ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ፣ በተደረደረው ጡብ ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል። ጫማ ወልቋል፣ እግር ተዘርግቷል፤ ግቢው በሙሉ ባዶ እግር ነበር። የእግር ሐኪም ነኝ የሚል ጎረምሳ ሐምራዊ መድኃኒት በጥጥ እየነከረ ይቀባል። ከኋላው፣ ጢሙን በሰም ያሾለ ሃምሳ አለቃ አርጩሜውን በብብቱ ይዞ እያንዳንዱን አስነሥቶ ያስኬዳል። ሁለት ልጆች ከረድፉ ወጥተው ግንቡ ሥር፣ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ተቀምጠዋል።

ገሪዋ ወደ ሃምሳ አለቃው ሄዳ ነገሩን ነገረችው። የሰዓቱን ሰንሰለት በጣቱ እየጠቀለለ ሰማት። ሥራዋ ምን እንደሆነ ስትነግረው ጢሙ ተነቃነቀ።

«የሻምበላችንን ጫማ የገራሽው አንቺ ነሽ? ወደ ቀኝ የሚስባቸውን?»

ሳልሆን አልቀርም አለች።

«እኛ እኮ መጠጥ ነው እያልን ስናማቸው ነው የከረምነው፣ እትዬ» አለ። ወደ ረድፉ መጨረሻ ተመለከተ። እሱ የሚፈልገው የሚራመድ ሰው መሆኑን፣ የልጁን ስም ገና እንዳልሰረዘ፣ በረድፉ እሱ ጋ እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ የነሱ እንደሆነ ነገራትና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ልጇ ሲያያት ደስ አላለውም። መጀመሪያ ያየው ጓደኞቹ አይተው እንደሆነ ነው። ገሪዋ ያንን ዓይን ከትምህርት ቤት በር ጀምሮ ታውቀዋለችና፣ ለሌላ ሰው የመጣች መስላ ትንሽ ቆማ ነው የቀረበችው። አጠገቡ ጡቡ ላይ ተቀመጠች። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። ቀኝ ተረከዙ ተልጦ እግሩ የተጠቀለለበት ጨርቅ ተጣብቆበታል። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ያዘቻቸው።

«እማዬ።»

«ወይ።»

«አውቀሽ ነው?»

ረድፉ ውስጥ አንዱ መድኃኒቱ ሲነካው ጮኸና ሌሎቹ ሳቁበት። ገሪዋ ጠበቀቻቸው።

«ባውቅ ኖሮ» አለችው፣ «ከዚህ አስበልጬ አጣምመው ነበር። ድልድዩንም ባላለፍክ ነበር።»

ልጁ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ሳቁ በአፍንጫው ወጣ፤ ከተመዘገበ ወዲህ በፊቷ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ስለ ዳሌዋ ነገረችው፤ ስለ እንጨቱ ቅርጽና ስለ አጎቱ ዝምታም። እሱም ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ገና እንደተራመደ እንደታወቀው ነገራት። ያን ያህል መንገድ ሄዳለት ጠማማ ነው ማለት አፉ አልታዘዝ ብሎት ነበር።

አዲሱን ጥንድ ፊቱ አኖረችው። እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ዳሰሰው፤ የእሷን ሙቀት፣ የእሷን ሞራ የሚፈልግ ይመስላል።

«ደረቅ ነው» አለ።

«አልተገራም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ግማሽ እግሬን አስገብቼ ነበር። አወጣሁት።»

«ይልጠኛል።»

«ይልጥሃል።» በዚህ ልታቆም ነበር ያሰበችው። ምላሷ ግን ቀደማት። «ጋሪውም እዚያ ቆሟል። ዳቦው ወርዷል።»

ልጁ ጋሪውን አየ። ግንቡ ሥር ያሉትን ሁለት ጀርባዎች አየ። ሃምሳ አለቃው ወደነሱ እየቀረበ ነው፤ የአርጩሜው ድምፅ ይሰማል። ገሪዋ በዚያን ጊዜ በሐሳቧ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ መንገዱን ሲሻገር ፊቱን አየችው፤ ምን እንደሚመስል ግን ለማንም አልተናገረችም። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጨርቁን ጠቀለለና እግሩን ከተተ። ተረከዙ ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ነጭ ሆነ።

እሷ ትናገር ጀመር። ጨርቁን ማታ ማታ አጥቦ ጨምቆ እንዲያሰጣው፣ ጫማውን ፈጽሞ እሳት ዳር እንዳያደርቅ፣ ውሃ የቋጠረውን በእሳት ባላለፈ መርፌ እንዳይነካ፣ ሲነጋ እንጂ ሲመሽ ሞራ እንዳይቀባ፣ አንገቱን እንዲሸፍን። እሺ አላት፤ እሺ፣ እሺ፤ ድሮ በር ላይ ሲላት እንደነበረው። ማሰሪያውን ልታስርለት እጇን ስትዘረጋ አስሮ ጨርሷል። እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ መለሰችው፤ ሞራውን አገኘች፤ በጨርቁ እንደተጠቀለለ ሰጠችው።

«ተነስ» አለ ሃምሳ አለቃው። «እስከ ግንቡ ሂድና ተመለስ።»

ሄደ። ቆዳው በየእርምጃው እንደ አዲስ በር ይጮሃል። ጉልበቱ አይታጠፍም፤ እግሩን አንስቶ ሲያኖር ሸክም የሚያወርድ ነበር የሚመስለው። ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላለም። ግንቡን ነክቶ ሲመለስ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።

«ያምሃል?»

«ጫማው አዲስ ነው፣ አለቃ።»

«የማን አሮጌ አለና» አለ ሃምሳ አለቃው፤ ወደሚቀጥለው አለፈ።

ጡሩንባው ተነፋ። ሁሉም ዳቦውን በብብቱ አድርጎ ወደ ሰልፍ ተንጋጋ፤ ለመሳሳም ጊዜም ቦታም አልነበረም። ልጁ አሮጌውን ጥንድ በማሰሪያው አቆራኝቶ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለላት። እንዳይጠፋ አላት። ግባ አለችው። ገባ።

ሰልፉ ሽቅቡን ሲይዝ ገሪዋ ወደ ጡቡ ክምር ወጥታ አየች። ከመጨረሻው ረድፍ ቀደም ብሎ ያለውን ፈለገች። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚሄደው፤ ሁሉም ጫማው አልታጠፍ ብሎት፣ ሁሉም እንደ ጣውላ። አንዱን እሱ ነው አለች፤ ዞር ሲል ሌላ ሆነ። ሌላውን አየች። አቧራው ሸፈናቸው፤ የትኛው ጀርባ ላይ ዓይኗን እንደምትተክል ሳታውቅ ሰልፉ ተራራውን ዞረ።

ስትወርድ የተበጠሰው ነጠላ ጫማ ከእግሯ ወጥቶ ጡቦቹ መካከል ገባ። አላወጣችውም። ሌላውንም አውልቃ አጠገቡ ተወችውና የልጇን ጫማ አደረገችው። ጨርቅ አላስፈለጋትም። ቀኙ ወደ ውጭ ያዘነበለበት ቦታ እግሯን ተቀበለው፤ ከወደቀች ወዲህ ዳሌዋን ሳያማት ስትራመድ የመጀመሪያዋ ነበር። በግቢው መካከል ሄዳ ጋሪው ጋ ደረሰች። ሁለቱ ልጆች ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ባዶው ጋሪ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንንም አያዩም። ባለጋሪው ልጓሙን እያስተካከለ ወደ እግሯ ተመለከተ።

«አሁንስ ምን ማዕረግ ላይ ነሽ?»

«ምልምል» አለችው፤ ከልጆቹ ጎን ወጥታ ተቀመጠች።